ከማርያም እግር ሥር

ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት ከአዲስ አበባ የመጣች ሴትና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ የደብራችሁን ጥንታዊ ሥዕል ለማየት ነው የምመጣው።»

«ድሮ ፈረንጅ ሳይቀር ይመጣለት ነበር። ማን ነገረሽ?»

«ያሠሩት አያቴ ናቸው። ከማርያም እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። ሌላ ምስላቸው የለንም።»

«የሱፍ ባና የለበሱት? ጢማሙ?»

«አዎ! ያውቋቸዋል?»

«እሳቸውን እያየን አይደል ስንሳለም ያደግነው!»

«ተመስገን!»

«ግን ልጄ... አምና አደስነው።»

«ምኑን?»

«ግድግዳውን። ጎብኚ ከበዛ መንገድ ይሠራላችኋል አሉን። ያረጀ ነገር ለእንግዳ አይታይም ብለን ፈቀፈቅነውና ሌላ ሠዓሊ አመጣን።»

«ማርያምስ?»

«እሷማ እንደ አዲስ ተሳለች፤ አምራለች።»

«አያቴስ?»

«እግሯ ሥር የሚሳለው ያሠራው ሰው ነው። አሁን ያለው ብሩን የሰጠው ነጋዴ ነው፣ ከነከረባቱ።»

«የተፈቀፈቀውስ?»

«አፈር ነው ልጄ። ተጠርጎ ተደፋ።»

«ታዲያ ጎብኚው መጣላችሁ?»

«የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።»

መውረጃዬ ከመሐል ሜዳ በፊት ያለችው ሞላሌ ነበር፤ ሹፌሩ ቢያቆምም ሁለተኛው ጎብኚ ልሁን ብዬ አልተነሣሁም።