አው ዓብዱላሂ የት ይኖራሉ?

ሰው መቁጠር ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል። እኔ እንደሻው፣ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ በ1976 ዓ.ም. ግንቦት ወር የሕዝብ ቆጠራ ተቆጣጣሪ ሆኜ ፈላና በር ሠፈር እስክመደብ ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በግ ቢሆን የሚያድርበት ጋጣ ይታወቃል። ሰው ግን አንዱ ቤት ያድራል፣ ሌላው ቤት ይውላል፣ ሲጠየቅ ደግሞ ሦስተኛውን ይናገራል።

አንድ ማለዳ በፈረስ መጋላ አደባባይ ሳልፍ አው ዓብዱላሂ እጄን ያዙኝ። ነገሩ አስገረመኝ፤ እሳቸው ጠዋት ጠዋት ሰው አያናግሩምና። አው ዓብዱላሂ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስማቸው የታወቀ ሰፊ ናቸው። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ጠላታቸው ጫት ነው። ጠዋት የጫት ሐራራ ይይዛቸውና ሰላምታ እንኳ ይከብዳቸዋል። ከቀትር በኋላ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ከድር የሚባል ወዳጃቸው ቤት በርጫ፣ ማለትም የጫት መቃሚያ ጉባኤ፣ ላይ ይሰየማሉ። ሲመሽ ምርቃናው ይበርድና ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ዝም ይላሉ። አንድ ጊዜ ኮት ሰፍተውልኝ ነበር። ጨርቁን የቆረጡት ከበርጫ መልስ ስለነበር ስለ ሕይወቴ በሰፊው ሳያስቡ አልቀሩም፤ ኮቱ ሁለመናው ኪስ ሆነ። «ይቺ የመነጽርህ ናት» አሉኝ። መነጽር እንደሌለኝ ብነግራቸው «ታረጃለህ» ብለው ዘጉኝ።

ያን ማለዳ ግን የሚያስጨንቅ ነገር ገጥሟቸዋል።

«መምህር» አሉኝ፣ «ያቺ የላክሃት ልጅ ቤቴን ባዶ ቤት ብላ ጻፈች ይላሉ። እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

ስህተት ከሆነ ይታረማል ብዬ አጽናናኋቸው። እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩን ከትናንት ጀምሮ አውቀው ነበር። የሠፈሩን ቆጠራ ስመለከት ከድር ቤት ላይ ስደርስ ዓይኔን ማመን አቅቶኛል። ከድር ገና ጎልማሳ ነው፤ ሚስት አላገባም። በቆጠራው ግን የብዙ ልጆች አባት ሆኗል፤ ልጆቹም አብዛኞቹ ጢማቸው የሸበተ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ልጅ አው ዓብዱላሂ ነበሩ።

ቆጣሪዋ ሳፊያ የዚያው ሠፈር ልጅ ናት፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቃ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። አስጠራኋትና አደባባዩ ላይ ካለው ሻይ ቤት ሦስታችን ተቀመጥን። የሽማግሌውን እጅ ስማ በአክብሮት ሰላምታ ከሰጠች በኋላ ነገሩን እንደሆነው ተረከችው። ከድር ቤት የደረሰችው በርጫው በደራበት ሰዓት ነው። ከድር ደግሞ በሸማቾች ሱቅ ስኳር በነፍስ ወከፍ ሊታደል ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ኖሯል፤ በርጫ ያለ ጣፋጭ ሻይ አይሆንምና «እነዚህ ሁሉ ልጆቼ ናቸው» አላት። እሷም እያንዳንዳቸውን ጠየቀች።

«እርስዎም አው ዓብዱላሂ፣ ‹ወላሂ የምኖረው እዚህ ነው› ብለው ማሉልኝ። እንባም መጣብዎት።»

«እሱማ የምርቃና ቃል ነው» አሉ ሽማግሌው። «የምርቃና ቃል ይጻፋል?»

«ሌላ ጊዜ የሚናገሩትን ቃል ማን አግኝቶት ነው የሚጽፈው? ጠዋት አይናገሩም፣ ማታ ዝም ይላሉ። ቤትዎም ብመላለስ ተቆልፎ ነው ያገኘሁት። ባለቤትዎ እማማ ሐዋ ደግሞ ገጠር፣ ድሬ ጠያራ፣ ወንድማቸው ቤት ተቆጠሩ ተባለ።»

አው ዓብዱላሂ ይህን ሲሰሙ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ሚስታቸው ተቆጥተው ወደ ወንድማቸው ወደ ቡሽራ ከሄዱ ከርመዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሽማግሌው ነገሩን ኩርፊያ ነው፣ ያልፋል ብለው ነበር። አሁን ግን ባል በከድር ቤት፣ ሚስት በወንድሟ ቤት፣ አብረው ያረጁበት ቤት ደግሞ ባዶ ተብሎ ሊጻፍ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱ ከዘጋባቸው ፍቺው የጸና መስሎ ታያቸው። አሳዘኑኝ።

እኔ በዚህ መሐል ስለ ሱስ ጠባይ፣ ስለ ነርቭና ስለ ልብ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ሰጠሁ። አው ዓብዱላሂ ሦስት ጊዜ አዛጉ። ሳፊያ ግን እንደ እኔ አልተፈላሰፈችም።

«ሲታመሙ ውሃ የሚያቀርብልዎ ማን ነው? ከድር ነው?» አለቻቸው።

«ከድርማ ለራሱም የሚያቀርብለት ይፈልጋል።»

«እንግዲያው የእርስዎ ቤት እማማ ሐዋ ያሉበት ነው። ለምን ጥለውዎት ሄዱ?»

ሽማግሌው ነገሩን ሊያድበሰብሱ ሞከሩ። ጫት እርስ በርስ ያዋድዳል፣ ያስመክራል፣ በርጫ ላይ ዱዓ ይደረጋል እንጂ ክፉ ነገር አይወራም አሉ። ሳፊያ ይህን አልካደችም። ነገር ግን ሠፈሩን ስትዞር ያየችውን ነገረቻቸው። ከቀትር በኋላ ፈላና በር የሴቶችና የሕፃናት ከተማ ናት፤ ውሃ የሚያመጣው፣ በሽተኛ የሚያስታምመው፣ ገበያ የሚወጣው ሁሉ ሴት ነው። ወንዶቹን ለመቁጠር ግን መድከም አያስፈልግም፤ በጥቂት ክፍሎች ውስጥ ተደርድረው ይገኛሉ።

«ዱዓ ማድረጋችሁ መልካም ነው» አለች ቀጥላ። «ለማን ታደርጋላችሁ?»

«ለድሃው፣ ለመንገደኛው፣ ለበሽተኛው ሁሉ።»

«እማማ ሐዋ በትኩሳት የተኙ ቀንስ?»

አው ዓብዱላሂ ያን ቀን መድኃኒት ሊገዙ ወጥተው፣ ገዝተውም ሲመለሱ በከድር በር አልፈዋል፤ ለአንድ አፍታ ብለው ገብተው እስኪመሽ ቀሩ። በሽተኛዋን ውሃ ያጠጣቻቸው ጎረቤታቸው ገላነሽ ናት።

«ያን ቀን» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ዱዓው ለበሽተኞች ነበር።»

«መድኃኒቱስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ልጄ።»

እኔ ተማሪ ፊት ቆሜ ስንት ዓመት ተናግሬያለሁ፤ ሰው በገዛ አፉ በራሱ ላይ የሚፈርድበት እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ጠይቄ አላውቅም። ሳፊያም ጨክና አልቀጠለችበትም፤ ሻያቸውን አስሞቀችላቸው።

ቆይተው ሽማግሌው እውነተኛውን ፍርሃታቸውን አወጡ። ጫት ቢተዉ ዱካክ አያስተኛቸውም። ዱካክ ማለት ጫት ላጣ ሰው ሌሊት የሚመጣ፣ ደረት ላይ የሚቀመጥ ቅዠት ነው። የእሳቸው ዱካክ ደግሞ ደንበኛ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ «ሱሪዬ የታለ?» እያለ ጉሮሯቸውን ያንቃል።

«ሱሪው አልቋል እንዴ?» አለች ሳፊያ።

«የማን ሱሪ ያልቃል?»

«እንግዲያው ዱካኩም እውነቱን ነው። አባቴ ሲተዉ ጥቂት ሌሊት እየጮኹ ይነቁ ነበር፤ ውሃ እናጠጣቸዋለን፣ ተመልሰው ይተኛሉ። ከዚያ እየራቀ ሄደ። ዱካክ እንግዳ ነው፣ አው ዓብዱላሂ፤ ጫት ካላቀረቡለት ይሰለቸዋል።»

ከዚያም ውሳኔዋን ነገረቻቸው። የፊታችን ዓርብ፣ ልክ በበርጫ ሰዓት፣ ቤታቸውን ታንኳኳለች። የሚከፍት ካለ ቤቱ ይቆጠራል።

በማግስቱ ወደ ድሬ ጠያራ አብሬያቸው ሄድኩ። ያለ ጫት የወጡበት የመጀመሪያው ቀን ስለነበር መንገዱ ሁሉ ጠብ ሆነ። ከሾፌሩ ተጣሉ፣ ከፀሐዩ ተጣሉ፣ መንገድ ዳር ከቆመች አንዲት አህያ ጋር ሳይቀር ተጣሉ። ቡሽራ ገበሬ ነው፤ የሚያመርተውም ጫት ነው። አማቹን ሲያይ ደስ ብሎት ጤዛው ያልደረቀ ለጋ ጫት ቆርጦ አምጥቶ ፊታቸው አስቀመጠ። እማማ ሐዋ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

አው ዓብዱላሂ ጫቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው ተቀመጡባቸው።

«ጫቴ ምን ሆነ?» አለ ቡሽራ ቅር ብሎት።

«ጫትህማ ጀነት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሐዋን ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

እማማ ሐዋ የዛሬው ደህና ነው፣ ነገስ አሉ። አው ዓብዱላሂ ስለ ነገ አልማሉም፤ ብዙ ምለው ያውቃሉና። «ረመዳን ሊገባ ነው፤ ብቻዬን አላፍጥር» ብቻ አሉ። እማማ ሐዋ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሲመለሱ ነጠላቸውን አድርገው ነበር።

ዓርብ ሳፊያ ስታንኳኳ በሩ ተከፈተ። ገላነሽም ምስክር ትሆን ዘንድ መጣች፤ «እኚህን ሰውዬ በቀን ብርሃን እዚህ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ድሮማ የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ነበሩ» ብላ መሰከረች። ሳፊያ የቤቱን ኃላፊ ስትጠይቅ አው ዓብዱላሂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እማማ ሐዋ ግን ቀደሙ።

«የቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ። እሳቸውን እንግዳ ብለሽ ጻፊ።»

ሽማግሌው እኔን አዩኝ። እኔም ተቆጣጣሪ ነኝና የቤቱ ኃላፊ ያሉት ቃል ይጻፍ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ሆነ። ዱካኩ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሱሪውን ሲጠይቅ ሰነበተ፤ አው ዓብዱላሂ ከቀትር በኋላ የሚያደርጉት ስላጡ የቆዩትን ሱሪዎች ሁሉ ጨረሱ፤ ዱካኩም ቀረ። ለዒድ የታዘዘው ልብስ ለዒድ ደረሰ፤ ይህ በመኪና ግርግር ታይቶ አይታወቅም። ምግብ ይጣፍጣቸው፣ እንቅልፍ ይወስዳቸው፣ ጠዋት ሰላምታ ይመልሱ ጀመር። አንድ ጊዜ ወድቀዋል። ከዒድ በኋላ እግራቸው ወደ ከድር ቤት መራቸው። እማማ ሐዋ አልጮኹም፤ ምሳቸውን በገላነሽ እጅ ላኩና «ለከድር ትልቁ ልጅ ስጪልኝ» አሉ። በርጫው በሳቅ ፈረሰ፤ አው ዓብዱላሂም ምሳቸውን ተሸክመው ቤታቸው ገቡ። የወደቀ ሰው ሁሌ ቁጣ አይደለም የሚያነሣው፤ የሚጠብቀው ምሳ እንዳለ ማወቁም ያነሣዋል።

መስከረም ሲጠባ ሳፊያና እኔ ልንጠይቃቸው ሄድን። እማማ ሐዋ ዳግመኛ ትኩሳት ይዟቸው ተኝተዋል፤ አው ዓብዱላሂ የስፌት መኪናቸውን አልጋው አጠገብ አምጥተው ይሰፋሉ። መድኃኒቱ በእጅ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጧል። እማማ ሐዋ ሳፊያን ቀረብ ብለሽ ስሚኝ አሏት።

«ያን ወረቀት አርሚልኝ፣ ልጄ። እንግዳው ነዋሪ ሆኗል።»

ሳፊያ አንገቷን ደፋች። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሄዷል፤ ቆጠራው ተዘግቷል፤ የሚቀጥለው ምናልባት ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው አለቻቸው።

እማማ ሐዋ ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ዐሥር ዓመት በእንግድነት ይቆዩልኛል?»

አው ዓብዱላሂ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና መርፌውን አስቀመጡ።

«ካላባረርሽኝ» አሉ፣ ተነሥተውም ውሃ ሊቀዱላቸው ሄዱ።