ወርቅ ቤት ያገኘሁት መስቀል

ይህን ለእናቴም አልነገርኳትም። ባሕር ዳር ሄጄ በአንድ የጣና ዳር ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቄሱ ያሳለሙኝ የእጅ መስቀል፣ ክንፉ ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ የታሰረ ነበር። በወሩ ያንኑ መስቀል ፒያሳ፣ አንድ ወርቅ ቤት ባንኮኒ ላይ አየሁት።

«ይሄን እኮ ባሕር ዳር ተሳልሜዋለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ነው» አልኩ፣ በሽቦ የታሰረውን ክንፉን እያሳየሁት።

ባለሱቁ ሳቀ። «እህቴ፣ ዘመኑ የአብዮት ነው። አንቺ ከተሳለምሽው አሁን ደግሞ ፈረንጅ ይሳለመው።»

ሰው ቀና ብዬ የማላየው ሴትዮ ደሜ ፈላ። ምእመን የካህን መስቀል በባዶ እጁ አይጨብጥምና በነጠላዬ ጠቅልዬ አነሳሁት።

«ሌባ ብዬ አብዮት ጠባቂ እጠራለሁ!»

«ይጥሩ። ከየት እንዳመጡት አብረን እንነግራቸዋለን።»

አልጠራም። ወጣሁ።

በማግስቱ ማለዳ ለአለቃዬ አሞኛል ብዬ ልኬ፣ መስቀሉን አቅፌ የባሕር ዳር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ንዴቴ ዓባይን እስክንሻገር አልበረደም።