ዘፋኝ የሌለው አልበም

ይህ ወሬ ያስከፈለኝ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በአውቶቡስ ወደ መካነ ሰላም ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች በጊታርና በኮምፒውተር የሠሩትን አዲስ አልበም አጠገባቸው ላሉ እናት አስደመጡ።

«ዘፋኙስ?»

«ዘፋኝ የለውም፣ እማማ። ገደል ወርደን የቀዳነውን ማሚቶ ነው ከጊታሩ ጋር ያደባለቅነው።»

«ታዲያ ዳዊት እያለ የሚጣራው ማነው?»

ጊታር መቺው ሳቀ። «ዳዊት እኔ ነኝ። ግን የሰው ድምፅ አላስገባንም።»

«ሁለቴ ጠርቶሃል፣ ልጄ። ገደል ሲጠራ ሦስት ሳይሞላ አቤት አይባልም።»

ጓደኛው ዞር አለ። «ስንቀዳ አቤት ያልከው ለማን ነው?»

«ላንተ ነዋ! ጠርተኸኝ።»

«እኔ አፌን አልከፈትኩም።»

«ያ ረቢ!» አሉ እናት፣ ማዳመጫውን ከጆሯቸው እየነቀሉ።

መውረጃዬ ስንደርስ የሚያውቀኝ ሾፌር ስሜን ሁለቴ ጠራ፤ ሦስተኛውን ስጠብቅ አለፍነው።