አባ እንዲተኙ ብዬ

ሄሎ! … ሄሎ፣ እማ! … እኔ ነኝ፣ ፀደንያ ነኝ። ኧረ ምነው እማ፣ ትላንት ቀኑን ሙሉ ስደውል ስልካችሁ ዝግ ነው፤ ልቤ ተንጠልጥላ ነው የዋለችው። … ባትሪ የለውም? አሁንስ? … አንድ መስመር ብቻ? እሺ፣ እንግዲያው ቶሎ ንገሪኝ። ተኙ? አባ ተኙ?

… አልሰማሁሽም። ከቤት ውጪና አውሪኝ፣ እዚያ ውስጥ ኔትወርኩ አይዝም። … ወጣሽ? … ተኙ ወይ?

… ተኙ?! እስካሁን አልተነሡም? ረፋድ ሆኖ? … እሰይ! እሰይ የኔ እናት! ናጂሃ፣ ማሽኑን አቁሚው እስኪ፣ አባ ተኙ! … ለናጂሃ ነው እማ፣ ከጎኔ ለምትሰፋው። እሷም ስትጨነቅልኝ ነው የከረመችው።

… አላለቀስኩም። … አላለቀስኩም አልኩሽ! … ምን ላድርግ እማ፣ የሐኪሙ ቃል እኮ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። «በዚህ ደም ብዛት ላይ እንቅልፍ ካጡ፣ አንድ ቀን እርሻ ላይ እንደወደቁ ይቀራሉ» ነው ያለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ዓይናቸው ፈጦ ሲያድር፣ እኔ እዚህ ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ ለሰው መኝታ ቤት መጋረጃ እሰፋለሁ። የሰው አባት ሲያንኮራፋ የኔ አባት … እሺ፣ እሺ፣ ተውኩት።

አየሽ ግን? «ቤቱን መቃብር አስመሰልሽው» ስትይኝ አልነበር? … ብለሻል እንጂ! ያ ወፍራም መጋረጃ ባይሰቀል፣ መስኮቷን ባልቸነክራት፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅና በላስቲክ ባልጠቀጥቀው ኖሮ ይተኙ ነበር? እንቅልፍ ጨለማና ጸጥታ ነው የሚፈልገው። ለደንበኞቼም እንደዚሁ ነው የማደርግላቸው። … ላሞቹማ መውጣት ነበረባቸው! ሦስት ላም በአንድ ጣሪያ ሥር ሌሊቱን ሙሉ ሲያመሰኳ ማን ይተኛል? … አውቃለሁ፣ ትንፋሻቸውን ካልሰማሁ ይላሉ። ይኸው ለመዱት አይደል።

… ምን ሸተታቸው? … ነጭ ሽንኩርት? … አባ ደግሞ ሰበብ አያጡም። ፍራሹ አዲስ ስለሆነ ይሆናል። … አንቺንም? … ራስሽን አመመሽ? ከመቼ ጀምሮ? … እሳቸውን ስትጠብቂ እያደርሽ ነዋ፣ እንቅልፍ ማጣት ነው።

… አስመለሳቸው? … ጎህ ሲቀድ? … አስመልሷቸው፣ ደረቴን ብለው፣ ከዚያ ተመልሰው ተኙ። … ቆይ እማ። ቆይ። ማታ ምን በልተው ነበር? … አንቺም ያንኑ በላሽ? … አይ፣ እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ።

… ዶሮዎቹ ምን ሆኑ? … ከቆጥ አልወረዱም ማለት? … ሞተው? … ሦስቱም? በአንድ ሌሊት?

… የፈንግል በሽታ አይመስለኝም እማ። … አይመስለኝም አልኩሽ። እስኪ አንድ ነገር ንገሪኝ። ላሞቹ የነበሩበት ጋጣ፣ አሁን ምን አለበት? … ባዶ አይደለም እንዴ? … የምን በቆሎ? … አሥራ አንድ ጆንያ? … ደጅ ቢያድር ሌባ ይወስደዋል ብላችሁ … እሺ። እሺ። ወንድሜ ያንን የነቀዝ ክኒን ከቶበታል? ጌታሁን ክኒኑን ከቶበታል ወይ? … በየጆንያው። … መቼ ነው? … ከትላንት ወዲያ።

ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! … እማ፣ አባን አውጫቸው! አሁኑኑ ከዚያ ቤት አውጫቸው! … ክኒኑ መርዝ ነው እኮ፣ ነጭ ሽንኩርት የሸተታችሁ እሱ ነው! ከውስጡ የሚወጣው ትንፋሽ ነቀዙን ብቻ አይደለም፣ ሰውም ይገድላል! … አውቃለሁ በየዓመቱ እንደምትከቱ! በየዓመቱ ግን ጎተራው ደጅ ነበር፣ ቤቱም በየቀዳዳው ይተነፍስ ነበር! ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ፣ ጋጣውን ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ! … አሁን ማን ጥፋተኛ ነው የምንልበት ጊዜ አይደለም፣ እሺ፣ ተይው፣ ብቻ አውጫቸው!

ናጂሃ! በስልክሽ ሽንዲ ጤና ጣቢያ ደውይልኝ፣ ቁጥሩ ከደብተሬ ጀርባ አለ። አምቡላንስ በያቸው፣ የነቀዝ ክኒን ነው በያቸው … ምኑን ትጠይቂኛለሽ፣ አባቴ ናቸው!

ሄሎ! እማ፣ ትሰሚኛለሽ? … አልነቃ አሉሽ? … ብቻሽን አታወጫቸውም። ጩኺ። እሪ በይ፣ ጎረቤት ይውጣ! … ምን? … ሟርት ነው? … እማ፣ ሟርቱማ ገብቶ ተኝቷል እቤትሽ! … ሰዉ ሞቱ ብሎ ይምጣ፣ ምን ቸገረሽ፣ ብቻ ይምጣ! ባትጮኺ ነው የሚሞቱት! … በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ እሪ በይ!

… እንደሱ! … አሁንም! … ጮክ አድርገሽ!

በሩን ወለል አድርጊው። መጋረጃውን ቦጭቀሽ ጣዪው … ቅደጂው እማ፣ ምን ያደርግልኛል! … ትንፋሽሽን ዋጥ አድርገሽ ነው የምትገቢ። ካቃተሽ ውጪ፣ ተንፍሺና ተመለሽ፤ እዚያው እንዳትወድቂብኝ። ከነፍራሹ ጎትቻቸው። ስልኩን አትዝጊው፣ መሬት ላይ አስቀምጪው። … ሂጂ በቃ! ሂጂ!

… ሄሎ? … እማ?

ናጂሃ፣ ምንም አይሰማኝም። … ላም ነው የሚሰማኝ፣ ላም ብቻ። … የኔ ጌታ፣ በኔ ይሁን፣ በኔ አድርገው … እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ መጋረጃ የለም። … አዎ፣ ተቀጣጥረን ነበር። … ነገም የለም። ይሂዱልኝ እባክዎ።

ሄሎ! ማነው? … እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ? … ጎረቤቱ ደረሰ? … ወጡ? አባ ወጡ? … ከነፍራሹ። … እናቴስ? … ተቀምጣለች? ታወራለች? ተመስገን። እሷም ተመልሳ እንዳትገባ ያዙልኝ፣ ማንም እንዳይገባ። … ይተነፍሳሉ ወይ? አባ ይተነፍሳሉ? እጅዎን አፍንጫቸው ላይ ያድርጉ እስኪ …

… ይተነፍሳሉ! ናጂሃ፣ ይተነፍሳሉ! … አይ፣ አይ፣ ወተት አይስጧቸው! ሐኪም ሳያያቸው ምንም አይስጧቸው። ሰዉም አይክበባቸው፣ ንፋስ ያግኙ። … ናጂሃ፣ ተነሥቷል ነው የሚሉሽ? … እትዬ፣ አምቡላንሱ ከሽንዲ ተነሥቷል። ልጅዎ እንድሪያስ በሞተሩ መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቀው፣ ቤቱን አያውቁትም።

… ዓይናቸውን ገለጡ? … ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያድርጉልኝ። እባክዎ እትዬ፣ ጆሯቸው ላይ።

አባ! … አባዬ፣ እኔ ነኝ። … አዎ፣ ፀደንያ ነኝ። … ምን አሉኝ? … ላሞቹ? አጠገብዎ ናቸው? … ይግቡ አባ። ዛሬውኑ ይግቡ። እኔው ራሴ መጥቼ አስገባቸዋለሁ፣ የጠቀጠቅኩትንም ጨርቅ አንድ በአንድ እነቅለዋለሁ። እንደፈለጉ ያመስኩ፣ እንደፈለጉ ይተንፍሱ። … አባ?

… እንቅልፍዎ መጣ? … አይሆንም! አባዬ፣ አይተኙ! … አውቃለሁ፣ ሁለት ወር ሙሉ ይተኙልኝ ብዬ የለመንኩዎ እኔው ነኝ። ዛሬን ብቻ አይተኙ። መኪናው እስኪደርስ ብቻ። ይቆጡኝ፣ ይስደቡኝ፣ ቤቴን አጠፋሽው ይበሉኝ … እሺ፣ የላሞቹን ስም ይንገሩኝ። እኔ እኮ ረሳሁት። አንደኛዋ ማን ነበረች?

… ዳለቻ። እሺ፣ ዳለቻ። … ሁለተኛዋስ? … ጎበዝ አባዬ፣ ጉራች። … ሦስተኛዋስ?

… ሦስተኛዋ፣ አባ። … አባዬ፣ ሦስተኛዋ ማን ነበረች? … ይሰሙኛል?

ሄሎ? … ሄሎ?

ሦስተኛዋን ሳይነግሩኝ ስልኩ ተቋረጠ፣ ናጂሃ።