ለቀብር የተሰፋው ሱፍ

የአንጎል ሳይንስ የምታጠናው ወጣት አጎቷን ያገኘቻቸው በአጋጣሚ ነው። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ከሱቃቸው አጠገብ ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ደረታቸውን ይዘዋል፤ ላብ አጥምቋቸዋል። ጉልበታቸው ላይ አዲስ ጥቁር ሱፍ ተዘርግቷል።

«ጋሼ! ለልጅዎ ሙሽራ ነው?»

«ለቀብሬ ነው። ሌላ ሰው ቢሰፋው ትከሻውን ያበላሽብኛል።»

ሳቋ አመለጣት። «የልብ ሐኪሙ ደጋግሞ መርምሮ ጤነኛ ነዎት አላለም?»

«አዝኖልኝ ደብቆኝ ነው። በሚመጣው ወር ልጄ ስታገባ አዳራሹ ድርሽ አልልም። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ልቤ ቀጥ ብትል ደስታዋን አበላሽባታለሁ።»

«እስካሁን ስንቴ ሞተዋል?»

«ገበያ መሃል አንዴ ሞቼ ነበር። አውቶቡስ ላይም እንደዚሁ።»

«ከሁሉም ግን ተነሥተዋል!» ትዕግሥት አልፈጠረባትምና እዚያው አጠገባቸው ዘፍ አለች። «ይስሙኝ። አንጎላችን ውስጥ ኒውሮፔፕታይድ የሚባሉ ጥቃቅን መልእክተኞች አሉ። አንዳንዶቹ ‹አደጋ መጣ!› እያሉ ይጮኻሉ፤ ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ሌሎቹ ‹በቃ፣ ረጋ በሉ› ይላሉ። እርስዎን ሲይዝዎት የጯሂዎቹ ድምፅ አይሎ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ገና ጨርሰው አልደረሱበትም፤ ልብዎ ግን አልቆመም።»

«እብድ ነህ ልትይኝ ነው ነገሩ?»

«የስፌት መኪናዎ ክሩን አጥብቆ ሲበጥስብዎ አብዷል ይላሉ? ወይስ ሞቷል ብለው ይቀብሩታል?»

«ምን በወጣው! ብሎኗን ላላ አደርጋታለሁ እንጂ።»

«ፍርሃትንም የሚያላላ ሐኪም አለ፤ በምክርም፣ ካስፈለገ በመድኃኒትም። በሸሹት ቁጥር ግን ይብስበታል። አሁን ትንፋሽዎን ቀስ አድርገው ያውጡ።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ተነፈሱ። ጥቂት ቆይቶ እጃቸው ከደረታቸው ወርዶ የሱፉን ኮሌታ ማቃናት ጀመረ።

«ሄደ እንዴ?» አሉ ግራ ቀኝ እያዩ።

«ማን?»

«ሞት ነዋ!»

በማግሥቱ እየጎተተች የአእምሮ ሐኪም ዘንድ አደረሰቻቸው፤ እሱም ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም እንደሚባል ነገራቸው። ሐኪሙ ባዘዛቸው መሠረት መጀመሪያ ባዶውን አዳራሽ ጎበኙ፤ ቀጥሎ ገበያ ወጡ፤ አውቶቡስም ተሳፈሩ። የሠርጉ ዕለት በር ላይ ያው ፍርሃት መጣ። ቆም ብለው ተነፈሱና የልጃቸውን ክንድ ይዘው ገቡ። የሚያስጨንቀውን ነገር በስሙ ያወቀ ሰው መድኃኒቱን ይፈልጋል፤ ሥራውንም ይሠራል፣ ልጁንም ይድራል። ሽማግሌው ደግሞ ከዚህ አልፈው ሲጨፍሩ አመሹ።

ወጣቷ ጥቁሩን ሱፍ ለብሰው ስታያቸው «ጋሼ፣ ይሄ ለሌላ ጉዳይ አልነበረም?» አለቻቸው።

እሳቸው የጠገበ ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። «ለዚያ እንኳ አይሆንም፤ ወገቡ ጠቦኛል!»