የውሻዬ ስምና የአባ ጥያቄ
ውሻዬን «ምናገባችሁ» ያልኩት ለነገረኛ ጎረቤቶቼ መልስ እንዲሆን ነው። ጥሬ ሳንባ ስለምሰጠው ይፈሳል፤ እነሱም «ቀቅለሽ ስጪው» እያሉ ነዘነዙኝ። አልቀቀልኩም! እየከተፍኩ በትንሽ በትንሹ ስሰጠው ተሻለው። በፋሲካ ማግስት ግን ጎረቤቶቼ ቤቴ መጥተው ቁርጥ ሲበሉ ትልልቅ ጮማ ወረወሩለት፤ ሳያኝክ ዋጠው። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ሸተተ። ከጋፋት የመጡት የነፍስ አባቴ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው «ማነው?» አሉ።

«ምናገባችሁ!» አልኳቸው። አባ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ውሻው ስሙን ሰምቶ ጭራውን እየቆላ ባይመጣ ኖሮ ተረግሜ ነበር። ጎረቤቴ ጥሬ ሥጋ እያኘከች «ቀቅይለት አላልኩሽም?» አለችኝ። «ያንቺን ማን ቀቀለልሽ?» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ቤቴ በሸተተ ቁጥር እንግዳ ሁሉ ጣቱን ወደ ምናገባችሁ ይቀስራል። የሽታው ግማሽ የማን እንደሆነ ግን እኔና ውሻው እናውቃለን።