የማሽላ ጠባቂዋ መነጽር

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ አንድ አስተማሪና የአንዲት ተማሪው እናት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

«መምህር፣ ያ ለልጄ ያዋሱላት የጦር ሜዳ መነጽር ጉድ አፈላብኝ!»

«ሰበረችው እንዴ?»

«ኧረ እሱስ ደህና ነው! ወፍ ጠብቂ ብዬ ማማ ላይ ባወጣት፣ ወፉ ማሽላዬን ሲለቅም እሷ መነጽሯን ደቅና ታያለች!»

«እኔ እኮ ልጆቹ ወፎቹን መለየት ይልመዱ ብዬ ነው።»

«ወንጭፌን ይዤ ብወጣ፣ ‹እማዬ፣ አትወርውሪ! ገና አይቼ አልጠገብኳትም!› አትለኝም!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ነገ ትመልስልኝ።»

«ማን ይሰጥዎታል? የእኔም ዓይን ላይ ደቀነችልኝ እኮ! ዕድሜ ልኬን ‹እሽ!› እያልኩ ያባረርኳት ወፍ፣ ወላሂ፣ ለካ ቀይ ሐር ለብሳ ኖሯል!»

«ታዲያ እትዬ፣ ማሽላውን ማን ይጠብቀዋል?»

«አባቷ ወንጭፉን ይዞ ከማማው ሥር ይቆማል፤ እኛ አይተን ስንጨርስ ይወረውራል።»

አጥር ላይ አንዲት ወፍ አይቼ አንገቴን በመስኮት ባሰግግ፣ አውቶቡሱ ቀለሟን ሳያሳየኝ አለፈ።